አጥንቱን ሳይቆርጡ ማየት

እ.ኤ.አ. በ1849 ደብረ ታቦር የራስ ዓሊ መቀመጫ ነበረች፤ ደጃዝማች ካሳም ገና የራስ ዓሊ አማች እንጂ ዐፄ ቴዎድሮስ አልሆኑም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ዓመት በኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለችው የአሜሪካ ከተማ በዊሊንግ የሚሠራ ሳይመን ሃሊሄን የተባለ ሐኪም በአንድ የጥርስ ሕክምና መጽሔት ላይ የአንዲት የ20 ዓመት ወጣት ታሪክ አወጣ። ወጣቷን በልጅነቷ አንገቷና ደረቷ ላይ እሳት በልቷት ነበር። ቁስሉ ሽሯል፤ ጠባሳው ግን እየተኮማተረ አገጯን ወደ ደረቷ ጎትቶ አስቀርቶታል። በማደግ ላይ ያለ መንጋጋ የሚጎትተው ካለ ወደተጎተተበት ያድጋል። የታችኛው መንጋጋዋ ፊተኛ ክፍል ረዝሞ ወደፊት ወጣ፣ የታች ከንፈሯ ተገለበጠ፣ አፏን መግጠም አቃታት።

ይህን ደብረ ታቦር ላለችበት ለደቡብ ጎንደር ሰው ማስረዳት አያሻም። ከጉና ተራራ ግርጌ ባሉት ቀበሌዎች ብርዱ የሚቻል አይደለም፤ እሳት ከቤት አይጠፋም። ምድጃው መሬት ላይ ነው፤ ከመደቡ እስከ ጉልቻው አንድ እርምጃ ቢሆን ነው። መዳህ የጀመረ ሕፃን እናቱ ለአፍታ ወጣ ስትል እሳቱ ላይ ለመድረስ ጊዜ አያንሰውም። ነፍሱ የተረፈ ልጅ ጠባሳውን ይዞ ያድጋል፤ አንገቱ ቀና አልል ይላል፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ችግሩ ከቆዳው አልፎ አጥንቱ ላይ ይደርሳል። መንጋጋን በቀዶ ጥገና የማስተካከል ታሪክ የሚጀምረው እንዲህ ባለች፣ እሳት ባገኛት ልጅ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

ሃሊሄን ሦስት ጊዜ ቀዶ ጥገና አደረገላት። በመጀመሪያው ከታችኛው መንጋጋ ግራና ቀኝ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው አጥንት አውጥቶ የፊተኛውን ክፍል ወደ ኋላ መለሰው። ቀጥሎ የአንገቱን ጠባሳ ፈትቶ ከትከሻዋ ባመጣው ቆዳ ሸፈነው። በመጨረሻም ከንፈሯን አስተካከለ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን አጥንቱን ከቆረጠ በኋላ ያደረገው ትንሽ ነገር ነው። በለሰለሰ ሰም የጥርሶቿን ቅርጽ ወሰደ፤ በዚያ ልክ የብር ሰሌዳ ሠርቶ ከጥርሶቿና ከድዷ ላይ ገጠመውና አጥንቱ ካስቀመጠበት እንዳይንቀሳቀስ ያዘው። ዛሬ በኮምፒውተር ታቅዶ በፕሪንተር የሚሠራው የመንጋጋ መሪ የዚያ የብር ሰሌዳ ዘር ነው። በመካከላቸው ባሉት መቶ ሃምሳ ዓመታት ውስጥ ሐኪሞችን ያስጨነቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ አጥንቱ የሚቀመጥበትን ቦታ ገና ሳይቆርጡት እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ሃሊሄን ራጅ አልነበረውም፤ ራጅ የተገኘው በ1895 ነው። በእጁ የነበሩት ዓይኑ፣ ጣቱና ሰሙ ናቸው። ከእሱ በኋላ ከመጡት አንዱ፣ ፈረንሳያዊው ሬኔ ለፎር፣ አጥንቱን ለማወቅ ሌላ መንገድ መረጠ። ሊል ከተማ ውስጥ ከ30 በላይ ሬሳዎችን ፊታቸውን በዱላ እየመታ፣ ከእብነ በረድ ጠረጴዛ ጠርዝ ጋር እያጋጨ፣ ከዚያ ሥጋውን አንሥቶ አጥንቱ የት የት እንደተሰነጠቀ መዘገበ። ሲሰሙት ይዘገንናል። በ1901 ያሳተመው ውጤት ግን የፊት አጥንት በዘፈቀደ እንደማይሰበር፣ የሚለያይባቸው ሦስት ዋና ዋና መስመሮች እንዳሉት አሳየ። ከሦስቱ ዝቅ ያለው ከአፍንጫ ሥር ተነሥቶ ከላይኛው ጥርሶች ሥር ከፍ ብሎ በአግድም ይሄዳል። የላይኛውን መንጋጋ ለማንቀሳቀስ ዛሬም የሚቆረጠው በዚሁ መስመር ነው፤ ስሙም «ለፎር አንድ» ሆኖ ቀርቷል።

የታችኛው መንጋጋ የበለጠ አስቸገረ። በአጥንቱ መሀል ባለ ቦይ ውስጥ ለታች ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል። አጥንቱን ከላይ እስከ ታች ቆርጦ ማለፍ ነርቩን አብሮ መቁረጥ ነው፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ የሚበላው ነገር ከአገጩ ላይ ቢቀር አይታወቀውም። በጉንጭ ቆዳ በኩል ገብቶ መቁረጥ ደግሞ ፊት ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ፊትን የሚያንቀሳቅሰውንም ነርቭ ለአደጋ ያጋልጣል። ኦስትሪያዊው ሁጎ ኦብቬገሰር በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአፍ ውስጥ ገባ። ከጆሮ በታች ወደ ላይ በሚቆመው የመንጋጋ ክፍል ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ነርቩ አጥንቱ ውስጥ ከሚገባበት ቀዳዳ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ከአጥንቱ ውፍረት የውስጡን ብቻ በአግድም ቆረጠ። በውጭው ገጽ ላይ ዝቅ ብሎ ሌላ እንዲሁ ያልጠለቀ ቁርጥ አወጣ፤ ሁለቱን በአጥንቱ ጠርዝ ላይ በሚሄድ መስመር አገናኛቸው። ከዚያ መሮ አስገብቶ ቀስ እያለ ሲፈለቅቀው አጥንቱ በቁመቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ነርቩ ሳይቆረጥ ይተርፋል። ሁለቱ ክፍሎች እንደ ጎራዴና አፎት አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ መንጋጋው ወደፊት ይወጣል ወይም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የሚነካካው የአጥንት ገጽ ሰፊ ስለሆነም ደህና አድርጎ ይጋጠማል። ኦብቬገሰርና መምህሩ ሪቻርድ ትራውነር በ1957 በእንግሊዝኛ ሲያሳትሙት ዘዴው ከጀርመንኛ ተናጋሪዎች ዓለም ወጣ።

የቀረው ስጋት በላይኛው መንጋጋ ላይ ነበር። ከቦታው ሙሉ በሙሉ ከተላቀቀ ደም ከየት ያገኛል? አሜሪካዊው ዊልያም ቤል በጦጣዎች ላይ ባደረገው ምርምር፣ ከላንቃና ከጉንጭ በኩል የተያያዘው ሥጋ እስካልተነካ ድረስ አጥንቱም ጥርሶቹም በሕይወት እንደሚቆዩ በ1975 አሳየ። ከዚያ ወዲህ «መቁረጥ ይቻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተዘጋ። በምትኩ «ስንት ሚሊ ሜትር? ወደየት?» የሚለው ተከፈተ፤ ይኸኛው ይብሳል።

ብዙ ሰው የመንጋጋ ማስተካከል የመልክ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ከላይና ከታች ጥርሱ የማይገናኝ ሰው ግን ቆሎ አይቆረጥምለትም፤ አንዳንድ ፊደላት ከአፉ በትክክል አይወጡም። የታችኛው መንጋጋው ወደ ኋላ የቀረበት ሰው ሲተኛ ምላሱ ወደ ጉሮሮው እየሸሸ ትንፋሹን ይዘጋዋል። ይህን ለማስተካከል አጥንቱ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በዚህች ውስጥ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር መሳሳት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያስላው።

ለአሥርተ ዓመታት ልኬቱ የሚሠራው በጀሶ ነበር፤ ዛሬም በብዙ አገር እንዲሁ ነው። የታካሚው ጥርስ ቅርጽ ይወሰድና በጀሶ ይገለበጣል። የጀሶው ጥርስ የመንጋጋን እንቅስቃሴ በሚመስል የብረት መጋጠሚያ ላይ ይሰካል። ሐኪሙ በመጋዝ ጀሶውን ይቆርጣል፣ ያንሸራትታል፣ በሰም ያጣብቃል። ከዚያ በሁለቱ የጥርስ ረድፎች መካከል የሚገባ የፕላስቲክ ንክሻ ማስያዣ ይሠራል። ሁለቱም መንጋጋ የሚቆረጥ ከሆነ ማስያዣውም ሁለት ነው። በመጀመሪያ የላይኛው ብቻ ይቆረጣል። ወደ አዲሱ ቦታው የሚመራው፣ ገና ካልተቆረጠው ከታችኛው መንጋጋ ጋር በአንደኛው ማስያዣ ተይዞ ነው፤ በፕሌትና በብሎን ይታሰራል። ከዚያ የታችኛው ይቆረጥና በሁለተኛው ማስያዣ ከላይኛው ጋር ይገጣጠማል። ሥራው ያምራል፤ ግን ጀሶው ጥርስን እንጂ አገጭን፣ ነርቩን፣ የመንጋጋውን ማዕዘን አያሳይም። በ1931 የመጣው የጎን ራጅም የግራውንና የቀኙን አጥንት አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ነው የሚያሳየው። ፊቱ ወደ አንድ ወገን ለተጣመመ ሰው ሁለቱም ዋናውን ነገር ይሸሽጋሉ። በየደረጃው የሚገባ ትንሽ ስሕተትም እየተደማመረ ሄዶ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው የሚገለጠው።

በዚህ መሀል ታሪኩ ካልታሰበ አቅጣጫ ተከፈተ። በኦክቶበር 1971 ለንደን ውስጥ በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የሠራው የመጀመሪያው የሲቲ ስካን ማሽን የአንዲት ታካሚን አንጎል በቁራጭ ቁራጭ ምስል አሳየ። ሃውንስፊልድ ሐኪም አልነበረም፤ ኢኤምአይ የተባለው ኩባንያ ኢንጂነር ነበር፤ በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ቁራጮቹን መልሶ ደርድሮ ሙሉ የራስ ቅል የማድረጉ ነገር ግን ሌላ ሥራ ነበር። ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ ማይክል ቫኒየር የተባለ የራዲዮሎጂ ሐኪምና ጄፍሪ ማርሽ የተባለ ቀዶ ሐኪም የራስ ቅላቸው ተጣምሞ የሚወለዱ ሕፃናትን ያክሙ ነበር። በዚያው ከተማ ማክዶኔል የተባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ነበር። የፋብሪካው ሰው ጄምስ ዋረን ተቀላቀላቸውና የአውሮፕላን አካልን ለመንደፍ የተሠራውን የኮምፒውተር ዘዴ በሕፃናቱ ስካን ላይ አዋሉት። በ1983 እና በ1984 ባወጧቸው ጽሑፎች የአጥንቱ ገጽ በስክሪን ላይ ሊዞር፣ ሊለካ፣ ከግራም ከቀኝም ሊታይ የሚችል ሆኖ ቀረበ። የጦር አውሮፕላን ለሚሠራበት ፋብሪካ የተዘጋጀ ዕውቀት የሕፃን ግንባር ለማቃናት መዋሉን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

ቀጥሎ ምስሉ ከስክሪን ወጣ። ቻርልስ ሃል በአልትራቫዮሌት ብርሃን ፈሳሽ ፕላስቲክን ንብርብር በንብርብር የሚያጠነክር ማሽን ፈልስፎ በ1986 የባለቤትነት መብት አገኘበት። በ1990 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ከስካን የተሠራ የአጥንት ሞዴል አቀረቡ። ሐኪሙ የታካሚውን መንጋጋ፣ ታካሚው ገና ቤቱ ሳለ፣ በእጁ ያዘ።

አንድ ግትር እንቅፋት ቀረ፤ ጥርስ። ሲቲ ስካን አጥንትን ደህና አድርጎ ያያል። ጥርስን ግን፣ በተለይ በብረት የተሞላ ጥርስ ካለ፣ በጨረር ብልጭታ ያበላሸዋል፤ የጥርሱ አናትና ሸለቆም ደብዝዞ ይወጣል። ንክሻ ማስያዣ የሚሠራው ደግሞ በዚሁ አናትና ሸለቆ ልክ ነው። በ2003 በሂውስተን ሃይሜ ጋቴኖ፣ ጄምስ ሺያና ባልደረቦቻቸው ጥርሱን ለብቻው ከጀሶው ላይ በትክክል ስካን አደረጉ። ታካሚው በስካን ጊዜ የሚነክሰው ማስያዣ ላይ ደግሞ ትናንሽ ምልክቶች አኖሩ። ምልክቶቹ በሁለቱም ስካን ላይ ስለሚታዩ አንዱን በሌላው ላይ በማሳረፍ የደበዘዘውን ጥርስ አውጥተው ጥርት ያለውን ተኩ። አጥንትና ጥርስ በአንድ ምስል ተገናኙ። እውነተኛው በር የተከፈተው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

አሁን ዕቅዱ እንዴት እንደሚሠራ ጠጋ ብለን እንየው። በስክሪኑ ላይ የራስ ቅሉ አለ፤ የነርቩ ቦይ በሌላ ቀለም ተሰምሯል። ሐኪሙ በለፎር አንድ መስመር ላይ ቁርጡን ያሰምርና የላይኛውን መንጋጋ ይለቀዋል። ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ላይ፣ አራት ወደፊት ያደርገዋል። የቀኙ ጥርስ ከግራው ዝቅ ብሎ ከሆነ ወደ ጎን ያቃናዋል። የፊት ጥርሶቹ መሀል ከአፍንጫው መሀል ጋር ካልገጠመ በዘንጉ ላይ ያዞረዋል። የታችኛውን ከፍሎ ወደዚያ ያመጣዋል፤ ይኼን ጊዜ ከኋላ በአንድ ወገን አጥንት ከአጥንት ሲገባበት ኮምፒውተሩ ያሳየዋል። ጀሶ ይህን ሊያሳይ አይችልም ነበር፤ ቀዶ ጥገናው መሀል ላይ ነበር የሚታወቀው። ያልጣመውን ይመልሳል፤ እንደገና ይጀምራል። የሚሳሳተውም የሚያርመውም ማንም ሳይደማ ነው።

ከዚያ ዕቅዱ ወደ ታካሚው መድረስ አለበት። የተለመደው መንገድ ማስያዣውን በፕሪንተር ማውጣት ነው። ሁለተኛው መጋዙ የሚሄድበት ስንጥቅና የብሎኑ ቀዳዳ አስቀድሞ የተበጀበት፣ አጥንቱ ላይ የሚያርፍ የመቁረጫ መሪ ነው። በ2015 በጣሊያን የቦሎኛ ሐኪሞች መሪውን ለታካሚው ልክ ከተሠራ የታይታኒየም ፕሌት ጋር አጣምረው የላይኛውን መንጋጋ ያለ ማስያዣ ቦታው ላይ እንዳስቀመጡ ጽፈዋል፤ ፕሌቱ የሚገጥመው አጥንቱ የታቀደለት ቦታ ሲደርስ ብቻ ነው። ሦስተኛው በካሜራ መመራት ነው፤ በታካሚው ራስና በሐኪሙ መሣሪያ ላይ የተሰኩ ምልክቶችን ካሜራው እየተከታተለ የመሣሪያው ጫፍ ስካኑ ላይ የት እንዳለ ያሳያል። ዘዴው ከአንጎል ቀዶ ጥገና የመጣ ነው፤ ጃፓናዊው ኤይጁ ዋታናቤ በ1987 በካሜራ ሳይሆን በሜካኒካል ክንድ አሳይቶታል። የታችኛው መንጋጋ ግን ከራስ ቅሉ ተለይቶ ስለሚንቀሳቀስ የራሱ ምልክት ካልተደረገለት ካሜራው ይሳሳታል።

ታዲያ ልዩነት አመጣ? በ2013 በታተመና በሦስት ማዕከላት 65 ታካሚዎችን በተከታተለ ጥናት፣ በዕቅዱና አጥንቱ በተገኘበት ቦታ መካከል የነበረው ልዩነት በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከ2 ዲግሪም በታች ነበር። አገጭን ለብቻው በማንቀሳቀስ ላይ ደግሞ በመሪ የተሠራው በዓይን ከተሠራው በግልጽ በልጦ ተገኝቷል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። እኛ ዘንድ መንጋጋን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ እሳት፣ መውደቅ፣ የጆሮ ቁስልና ኖማ ነው። ኖማ ከድድ ቁስል ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ጉንጭና አጥንት የሚበላ የሕፃናት በሽታ ነው፤ ረሃብና ኩፍኝ ያዳከሙትን ልጅ ይመርጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ገና በዲሴምበር 2023 ነው። ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ቀዶ ሐኪሞችን እያመጣ አዲስ አበባ ላይ የኖማ ተጎጂዎችን ለዓመታት አክሟል፤ ፕሮጀክት ሐረር ደግሞ ፊታቸው የተጎዳ ሰዎችን ከገጠር እየፈለገ ለሕክምና ያደርሳል። የካቲት 12 ሆስፒታል በእሳት ቃጠሎና በፊት ቀዶ ጥገና የታወቀ ነው። የላይ ጋይንት ወይም የስማዳ ሰው «አዲስ አበባ ሂዱ ተብለናል» ሲል ይህን ሁሉ መንገድ ማለቱ ነው።

ከሁሉ የኮምፒውተር ዕቅድ የሚያሻው የተቆለፈ መንጋጋ ይመስለኛል። ልጁ ከዛፍ ወይም ከበቅሎ ወድቆ አገጩን ይመታል፤ አገጩ ላይ ያለው ቁስል ይታሰርለታል። የተሰበረው ግን ከጆሮው ፊት ያለው መጋጠሚያ ነው፤ እሱን ወጌሻውም አያየውም። ደሙ ረግቶ ወደ አጥንትነት ይለወጥና መንጋጋውን ከራስ ቅሉ ጋር ያያይዘዋል። «ልጄ አፉ አልከፈት አለው» ተብሎ ሲመጣ ዓመታት አልፈዋል። አገጩ ሳያድግ ቀርቷል፤ ሌሊት ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ የማደንዘዣ ባለሙያውም የመተንፈሻ ቱቦ በአፉ ማስገባት አይችልም። ያን የተጣበቀ አጥንት የሚቆርጥ ሐኪም ከላይ የራስ ቅሉ መሠረት አለበት፤ ከእሱ በስተጀርባ አንጎል ነው። ከውስጥ በኩል ደግሞ ትልቅ የደም ሥር ያልፋል። የመጋዙ ጥልቀት በስካኑ ላይ ተለክቶ መሪው ላይ ከተበጀ ሐኪሙ የት ማቆም እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል።

«ይህ ለሀብታም አገር ነው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሀብታም አገር ውስጥ ያልተስተካከለ መንጋጋ በሚቀጥለው ወር ይደገማል። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ600 በላይ ተጉዞ፣ በሬ ሸጦ፣ ዘመድ ቤት አርፎ የመጣ ገበሬ ልጁን ሁለተኛ ጊዜ ላያመጣው ይችላል። ለእሱ የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና የመጨረሻውም ነው፤ ስለዚህ ልኩ ከማንም በላይ ለእሱ ያስፈልጋል። ውዱም ነገር ሁሉ የግድ አይደለም። ካሜራውና ለታካሚው ተለክቶ የሚሠራው ታይታኒየም ይቅር፤ ዕቅዱ ግን ስካን፣ ኮምፒውተርና የሠለጠነ ሰው ነው የሚፈልገው። «ስሪዲ ስላይሰር» የተባለው በሕክምና ምርምር የሚሠራበት ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ፋይል ደግሞ የአውቶቡስ ትኬት አይቆረጥለትም፤ ስካኑ ባሕር ዳር ተነሥቶ ዕቅዱ አዲስ አበባ ሊሠራ ይችላል።

ኮምፒውተሩ የማይችለውም አለ። የአጥንቱን ቦታ እንጂ የፊቱን ቆዳ በትክክል አይተነብይም፤ ጠባሳ ያለበትን ቆዳማ ከነጭራሹ። እሳት የበላው አንገት አስቀድሞ ካልተፈታ የተስተካከለውን አጥንት መልሶ ይጎትተዋል። ሃሊሄንም አጥንቱን ቆርጦ ብቻ አልተወም፤ አንገቱን መፍታት ነበረበት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በአጥሚትና በሾርባ የሚታለፉትን ሳምንታትም ማንም ፕሮግራም አያሳጥራቸውም።

ለጊዜው በእጃችን ያለ አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱን ልናገርና ልጨርስ። ታካሚው ሲቲ ስካን ሲነሣ ብዙ ጊዜ ይዞ የሚወጣው ጥቁር ፊልም ነው። ፊልሙ ለማየት ይበቃል፤ ዕቅድ ግን አይሠራበትም፤ ኮምፒውተር መልሶ ሊያነበው አይችልም። ለመንጋጋ የሚላክ ታካሚ ስካኑ ከ1 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ቁራጭ፣ ማሽኑ ሳይዘነበል፣ ከቅንድብ በላይ ጀምሮ ከአገጭ በታች ድረስ ይነሣ። የላይና የታች ጥርሱ እንዳይደራረብ በመካከሉ ስስ ነገር ይንከስ። ውጤቱንም ከፊልሙ ጋር በሲዲ ወይም በፍላሽ ይቀበል። ሪፈራል ወረቀቱን የሚጽፈው ሐኪም ይህን በአንድ መስመር ይጻፈው፤ የታካሚው ቤተሰብም ከስካን ክፍሉ ሳይወጣ «ሲዲው የታለ?» ብሎ ይጠይቅ።